ጋልቢ

ናይፍ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከስልክ ጠጋኙ ሱቅ በላይ፣
ስድስት አልጋ፣ አንድ መስኮት፣ ሰማይ የማያሳይ።
አርብ ነው፤ ተራ ይዘው ይቀመጣሉ ከፊቴ፤
ሹሩባው በሠላሳ ድርሃም፣ በነፃ ነው ትችቴ።
"የምትሰሚውን ንገሪኝ፣ ማን እንደሆንሽ ልንገርሽ"
እልሽ ነበር ሉባባ፣ ማበጠሪያ ሰክቼ መሐል አናትሽ።

አንቺ ደግሞ አፍሽ ማስቲካ፣ ጣትሽ ስልክ፣
ያገኘሽውን ትሰሚያለሽ፤ ጆሮሽ አያውቅም ልክ።
የከሚሴ ሠርግ፣ የካይሮ ልቅሶ፣ የሕንድ ፊልም ዝናብ፣
ያ ማሽን የሚያለቅስለት ጎረምሳ፣ ያለ ወዝ ያለ ላብ።
የኔ ግን፣ ጆሮዬ የጨዋ ልጅ፣ ከማንም ጋር የማይበላ፣
ባቲን ካንቺሆዬ ያልለየ ሲመጣ የሚል ወደ ኋላ።
የትኛው ካሴት፣ ጎን ሁለት ላይ፣ ከበሮ መቺው እንዳሳለ፣
የቱ በቅጂ ብዛት እንደሞተ፣ የቱ እንደተፈጠረ እንዳለ፣
ይህን ሁሉ እደረድር ነበር፣ አንገትሽን እያጎነበስኩ፣
አንዳንዴም፣ በዘፈንሽ ተናድጄ፣ ጉንጉኑን አጥብቄ እየሳብኩ።

እውነቱን ልንገርሽ? የኔ አልነበረም ያ ጆሮ።
ደሴ፣ ሸዋ በር፣ ካሴት የሚሸጥ ልጅ ነበር ድሮ፣
ስሙ ከፍያለው፤ እንደ ስሙም ነበር።
"ይሄ ሙዚቃ ነው፣ ያ ጫጫታ" ሲል፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣
በደብተር እጽፈው ነበር፤ ፍቅር ፈተና ያለው መስሎኝ፣ በሞኝነቴ።
እሱ ሌላ አገባ። ደብተሩ ቀረ። እኔ ከነጆሮው መጣሁ፤
በሱ ጆሮ ባሕር ተሻገርኩ፣ በሱ ጆሮ ሰው ናቅሁ።

ባለፈው አርብ ያ ድምፅ ማጉያ፣ ጣሳ የሚያህለው ጉድ፣
የሽታዬን ስልክ ለቆ የኔን ያዘ፣ ያለ ፈቃድ።
ወጣች። ያቺው። ጭብጨባው፣ ምቱ፣ መቅለስለሷ በዐረብኛ፤
አምስት ራስ ዞረ፤ አልጋው ሁሉ ሆነ ዳኛ።
ልክድ ነበር። ምን ብዬ? "ስልኩ የኔ አይደለም" ብዬ?
አፌ ግን አዝማቹ ሲደርስ አብሮ ገባ፣ እንደ ለመደ በቅሎዬ፦
"ጋልቢ፣ ጋልቢ!"

የራሺዲያው ቪላ ዘፈን ናት። የመጀመሪያ ዓመቴ።
ሚራ፣ የእመቤቲቱ ልጅ፣ በር ዘግታ ትጨፍርባታለች፤
እኔ ማዶ፣ ካውያ ይዤ። ርካሽ ናት፣ አሸብራቂ ናት፣
ከፍያለው ቢሰማ ጢቅ የሚልባት።
ፓስፖርቴ መሳቢያ ውስጥ፣ ስልኬ መሳቢያ ውስጥ፤
የተረፈችኝ ድምፅ እሷው ነበረች፣ በግድግዳ ውስጥ።
ጠላኋት። ከዚያ ጠበቅኋት። አንድ ቀን ስትቀር ሸሚዝ አቃጠልኩ።
ከዚያ ቤት ያለ ደሞዝ ወጣሁ እላለሁ፤ ለካ እሷን ይዤ ነው ያመለጥኩ።

አንቺ አልሳቅሽም። ብትስቂ ይሻለኝ ነበር፣ ሉባባ።
ግማሽ ራስሽ ጫካ፣ ግማሹ ሹሩባ፣
ዞር ብለሽ፣ እንደ መምህር፦
"'ጋልቢ' አይደለም፤ 'ገልቢ' ነው። ልቤ ማለት ነው፣ በነሱ አፍ።
ምን መስሎሽ ነው?"
ምን ልበልሽ። ልብሷን ባንድ ፌስታል ቋጥራ፣ ገና ሳይነጋ፣ በአጥሩ ጫፍ
የዘለለች ሴት፣ ፈረስ የላት፣ ኮርቻ የላት፣ ነጠላ ጫማ ባንድ እግሯ፣
ከግድግዳው ማዶ የሚያዛት መስሏት ነበር፣ ባማርኛ፣ ባገሯ።

ጋልቢ ተብዬ ነው የጋለብኩት።
ልቤ ነው ካልሽም ያው ነው፤ በሱ ነው የሮጥኩት።

ድገሚያት አልኩሽ፤ ደገምሻት። ሽታዬ አጨበጨበች።
የከፍያለው ጆሮ በሩ ላይ ቆመ፤ ማንም ግባ አላለውም።
ያ ማሽን የሚያለቅስለት ጎረምሳ ግን፣ ልንገርሽ፣
አሁንም አይጥመኝም።